የአያንቱ እግርና የእኔ ጨዋነት

ሰው በባለጌነቱ ሰው ሲጎዳ አይታችሁ ይሆናል። እኔ ግን በጨዋነቴ የአንዲት ሕፃን እግር ላስቆርጥ የደረስኩ ሰው ነኝ። ይህን ለልጆቼ እንኳ በቅጡ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ነቀምቴ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትንሽ የሚሲዮን ሐኪም ቤት ድሬሰር ነበርኩ። ሥራዬ ቁስል ማጠብና መርፌ መቀቀል ነው፤ ክብሬ ግን አስተርጓሚነቴ ነበር። አባቴ ከሸዋ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢሆንም እኔ እዚያው ተወልጄ ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር በድንጋይ ስወራወር የተማርኩት ነኝ። ነጭ ጋዎኔን በስታርች አደርቃለሁ፣ ፀጉሬን በቫዝሊን አስተኛለሁ፣ ስራመድ ዶክተሩ እኔ የሆንኩ እመስል ነበር።

እውነተኛው ዶክተር ከባሕር ማዶ የመጣ ረጅም ሰው ሲሆን ሕዝቡ ዶክተር ዲማ ይለዋል፤ ቀዩ ማለት ነው። ፀሐይ ሲመታው በእርግጥም በርበሬ ይመስል ነበር። አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማረ ሰዋስው አይስትም፤ ነውር ግን አያውቅም። መጽሐፉ ውስጥ የነበረውን ቃል ሁሉ በእኩል ዓይን ነው የሚያየው። “ቂጥ” የሚለውን ቃል “ወንበር” እንደሚል ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቄስ ፊትም ሆነ ባላባት ፊት ይጠራዋል። እንግዲህ የዚህን ሰው ጥያቄ ለሕዝብ ጆሮ የሚመች አድርጎ ማቅረብ፣ የሕዝቡንም መልስ አጥቦና ተኩሶ መመለስ የእኔ ፋንታ ነበር። ጨዋ አስተርጓሚ ተባልኩ። ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ሩት የምትባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ወደድኩና ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። ሩት ከተማ ትኑር እንጂ ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ጉቴ በምትባል የገጠር መንደር ነው። አባቷ ሞቷል። እናቷ፣ ሰው በአክብሮት አዴ ዱሬቲ የሚላት፣ ግን በሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን እንኳን ሴቱ ወንዱም የሚፈራት ሴት ነበረች። ሽማግሌዎቼን “እናስብበት” ብላ መለሰቻቸው። የሰማሁት አንድ ቅሬታ ኦርቶዶክስነቴ ነበር፤ “ጾም የሚያበዛ ሰው ይነጫነጫል” ብላለች አሉ።

በአገሩ ደንብ አማትና አማች ፊት ለፊት አይተያዩም፣ አይቀላለዱም፣ ሰውነት የሚባል ነገር በመካከላቸው አይነሳም። እኔ ደግሞ የሸዋ ልጅ ነኝና “ደንብ አያውቅም” እንዳልባል ከደንቡ በላይ ሄድኩ። ገና እሺ ሳትለኝ መንገድ ላይ ስትመጣ ካየሁ እሸሻለሁ። አንድ ቀን የሰው እንሰት ውስጥ ዘልዬ ገብቼ የጓሮው ባለቤት ሌባ ብሎ በዱላ አሳዶኛል።

ሌላም ደንብ አለ። ጋብቻ ሲታሰብ መጀመሪያ በስውር የሚጣራው “ከዘራቸው እግሩ ያበጠ አለ ወይ?” የሚለው ነው። ዝሆኔ በዘር ይወርዳል ይባል ስለነበር አንድ ሰው እግሩ ካበጠ እህቱም፣ የአጎቱ ልጅም ቆሞ ቀር ነው። ለዚህ ለዝሆኔ ነገር እኔ ቤት ማንም አልተጨነቀም ነበር፤ ጉቴ ያሉት ግን ተጨንቀው ኖሯል።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ጠራኝና ወደ ምርመራ ክፍሉ ስገባ አዴ ዱሬቲ አጠገቧ የስድስት ዓመት ልጅ አስቀምጣ አገኘኋት። የሩት ታናሽ እህት አያንቱ ናት፤ ከጉቴ በበቅሎ ነው የመጡት። የምሸሽበት እንሰት አልነበረም። ዞሬ ግድግዳውን ተመለከትኩ።

“አካም ኦልተኒ፣ አዴ” ብዬ እንዴት ዋሉ አልኩ ለግድግዳው።

“ነጋ፤ ገለተ ዋቃዮ” አለች እሷም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ለመስኮቱ።

ዶክተሩ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። “ምን ሆናችኋል? ተጣልታችኋል?”

“ክብር ነው፣ ዶክተር” አልኩት።

ልጅቷን አጋድሞ ቀሚሷን ገለጠ። እኔ ግድግዳዬ ላይ ነኝ፤ የምሰማው ብቻ ነው። እሱ እብጠቱን በጣቱ ሲጫን እሷ ትስቃለች። “ይኮረኩረኛል!” ትላለች በኦሮምኛ። ዶክተሩ ግን አልሳቀም። “እንጨት ነው” አለ። “ከቂጧ እስከ ጉልበቷ አጠገብ ድረስ እንደ እንጨት ደርቋል። አያማትም። ትኩሳት የለም። ልጅቷ ወፍራም ናት፣ ጤነኛ ናት። ጠይቃት፤ መቼ ጀመረ?”

ጠየቅሁ። 

“ሁለት ሳምንት አይሆነውም” አለች አዴ ዱሬቲ።

“ሁለት ሳምንት? እንደገና ጠይቅ።”

እንደገና ብጠይቅ ውሸታም ማለቴ ነው። ስለዚህ “ተጉዛችሁ ደከማችሁ ወይ?” ብዬ ጠየቅኋትና “አዎ” ስትለኝ ለዶክተሩ “አዎ፣ ሁለት ሳምንት” አልኩት።

“የጀመረው ከየት ነው? ከቂጧ ነው?”

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። አማቴ ልትሆን ላለች ሴት፣ ያንን ቃል! ላብ ከቫዝሊኑ ጋር ተቀላቅሎ ጆሮዬ ላይ ወረደ። “ሕመሙ ወዴት ነው?” አልኩ።

“ጭኗ ላይ” አለች።

“ከጭኗ ነው፣ ዶክተር።”

“ውጭ ስትጸዳዳ በምን ነው የምትጠርገው? በቅጠል ነው? መሬት ላይ ትቀመጣለች?”

ይህን ጭራሽ አልተረጎምኩትም። “በወረቀት ነው” አልኩት መልሱን ከራሴ ፈጥሬ። ጉቴ ውስጥ ያኔ የነበረው ወረቀት መጽሐፍ ቅዱስና የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው፤ በሁለቱም ማንም አይጠርግም። ዶክተሩ ቅንድቡን አነሳ። ግን ጻፈው።

ቀጥሎ የነገረኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “ስማ” አለኝ፤ “እዚህ ከመምጣቴ በፊት ኡጋንዳ ስሠራ ጤነኛ ልጆች እንዲህ ሲደርቁ አይቻለሁ። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ብዙ ወር፣ ዓመትም ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ከቂጥ ይጀምራል። እሱ ቢሆን መድኃኒት አለው። በሁለት ሳምንት እንዲህ ካደገ ግን ክፉ ነቀርሳ ነው። ሥጋውን ቆርጬ አዲስ አበባ ብልክ መልሱ እስኪመጣ ትሞታለች። እግሯን ከላይ መቁረጥ አለብኝ። ሐሙስ ጠዋት።”

ይህን ለእናትየው ስተረጉም ምንም አላሳመርኩም፤ የማሳምርበትም አልነበረኝም። አዴ ዱሬቲ ጮኸች ብዬ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር። አልጮኸችም። የፈቃድ ወረቀቱ ሲመጣላት ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች፤ ከዚያ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ፣ ስትጠርግ ቆየች።

ማክሰኞ የሐኪም ቤቱ አናጢ መጥቶ አያንቱን ለክራንች ለካት። ልጅቷ እግሯ እንደሚቆረጥ ተነግሯታል፤ ግን እግር ተቆርጦ እንደሚቀር አልገባትም፤ እንደ ፀጉር የሚያድግ መስሏታል። የአናጢው እንጨት ግን በጣም ማርኳታል። “ቀይ ቀለም ቅባልኝ” አለችው። አናጢው ወጥቶ ከቆሻሻ መድፊያው አጠገብ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት። እኔም አለቀስኩ፤ ቶሎ ብዬ ግን ፀጉሬን አስተካከልኩ።

ረቡዕ ሩት መጣች። እሷም የእህቷን እብጠት ያወቀችው በዚያ ሳምንት ነው። የትምህርት ቤት ጠመኔ በእጇ እንዳለ ነበር። “አንተ እዚያ ነበርክ፤ ዶክተሩ የጠየቀውን ሁሉ እናቴን ጠይቀሃታል?” አለችኝ።

“ሁሉንም” አልኳት።

እንዴት ዋሸህ ትሉኛላችሁ። አልዋሸሁም እኮ! ያኔ ያደረግሁት ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር። ነውር መደበቅ ውሸት ነው ብሎ የነገረኝ የለም፤ አሳዳጊዎቼ ሁሉ የነገሩኝ ተቃራኒውን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተሩ እጁን በብሩሽ እየፈተገ ነው። እኔ ልጅቷን ለቀዶ ጥገና አዘጋጃለሁ፤ እግሯን በሳሙና አጥባለሁ፣ ቀጥሎ አዮዲን እቀባለሁ። እብጠቱን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ቆዳው ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ያለው እንደ ጣውላ ነው። ጠርዙን በጣቴ ስይዘው ከሥጋው ለብቻው ይነሳል። እሷ እየሳቀች ትወራጫለች።

“አትሳቂ፤ ሳሙናው ዓይንሽ ይገባል” አልኳት።

“ድሮ ትንሽ ነበር” አለች አያንቱ። “ባቄላ ያክል ነበር። እዚህ ጋ።” እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ቂጧን ነካች፤ ያለ ምንም ሐፍረት፣ ልክ እንደ ዶክተሩ።

እጄ ቆመ። “ድሮ ማለት መቼ?”

“ድሮ ነዋ! ላሟ ስትወልድ።”

“የትኛዋ ላም?”

“ቦኬ። አሁን ጥጃዋ ትልቅ ሆኗል፤ ቀንድ አውጥቷል፤ እኔን ሊወጋኝ ይሮጣል።”

ቀንድ ያወጣ ጥጃ! እኔ የከብት ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ጥጃ በሁለት ሳምንት ቀንድ አውጥቶ ሰው እንደማያሳድድ አውቃለሁ። 

“ታዲያ እናትሽ ለምን ለዶክተሩ አልነገረችም?”

አያንቱ የቂል ጥያቄ እንደጠየቅኋት አየችኝ። “አንተ እንዳትሰማ ነዋ! የእግር በሽታ ያለበት ቤት ነው ብለህ ሩትን እንዳትተዋት።”

ሳሙናውን የት እንደጣልኩት አላውቅም። በጓሮ በር ወጣሁ። አዴ ዱሬቲ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ከስምንት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ተቀምጣ ትጸልያለች። ስታየኝ ፊቷን ሸፈነች፤ ሴቶቹም ደንቡን ያውቃሉና ዞሩ። እኔም እግሬ በልማዱ ወደ ግድግዳ ሊዞር ነበር። እውነቴን ነው፤ የልጅቷ እግር ሊቆረጥ ደቂቃዎች ቀርተውት የእኔ እግር ወደ ግድግዳ ሊዞር ነበር።

አልዞርኩም። ሄጄ ፊቷ ተንበረከክሁና በኦሮምኛ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ዶክተሩ እንደሚጠራው ጠራሁት። “አዴ፣ ይሄ ነገር የጀመረው ከቂጧ ነው ወይስ ከጭኗ?”

“ሰፉ!” አለች አንዷ ሴት፤ ነውር ነው፣ ምድር ይሰንጠቅ እንደማለት ነው። ሌላዋ መዝሙር መጽሐፏን ጣለች።

አዴ ዱሬቲ ከነጠላዋ ሥር “ሂድ ከፊቴ፣ ባለጌ” አለችኝ።

“ባለጌ ነኝ፤ ንገሪኝና እሄዳለሁ። ቦኬ ስትወልድ ነበር ወይ?”

ነጠላዋን ይበልጥ ሳበች።

“አዴ፣ ዶክተሩ እጁን ታጥቧል። ሩትን አልተዋትም። ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ዝሆን ቢኖር አልተዋትም። ከቂጧ ነው ወይ?”

ነጠላውን ከፊቷ አወረደችው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየሁ፤ የሩት ዓይን ነው። “ኤዬ” አለች። “ከቂጧ ነው። ቦኬ ከወለደች ዓመት ከአራት ወር ሆናት። እኔ ነኝ የደበቅሁት። ልጄን እኔ ነኝ የገደልኳት?”

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሮጥኩ። ስገባ አያንቱ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ ነርሷ የማደንዘዣውን የኤተር ጭንብል ይዛለች፤ ክፍሉ ሸትቷል። ጫማዬ ጭቃ ነው፤ ወደዚያ ክፍል በጫማ አይገባም።

“ውጣ!” አለ ዶክተር ዲማ።

“ዓመት ከአራት ወር ነው! ከቂጧ ነው የጀመረው! ባቄላ ያክል ነበር! ወረቀትም የለም፤ በቅጠል ነው የሚጠርጉት፤ እኛ ሁላችንም በቅጠል ነው የምንጠርገው!”

 ዶክተሩ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልተረጎመልኝም፤ ግን ሚሲዮናዊ የሚናገረው ነገር አልመሰለኝም። ጓንቱን አውልቆ መሬት ወረወረው።

“ሰኞ ለምን አልነገርከኝም?”

“አማቴ ልትሆን ነው።”

“ታዲያስ?”

ጎንበስ ብዬ ጭቃ የሆነ ጫማዬን አወለቅሁ። 

እግሯን አልቆረጠም። አደንዝዞ ከደረቀው ሥጋ የጥፍር ያህል ወስዶ በመስታወት ላይ አደረገና መድኃኒት ጠብ አድርጎበት በማይክሮስኮፕ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጀርባውን ነው የማየው፤ ጀርባ እንዲህ እንደሚያስጨንቅ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ “ና እይ” አለኝ። ወፋፍራም፣ የተቆራረጡ ክሮች የመሰሉ ነገሮች አየሁ።

“ምንድን ነው?”

“ሻጋታ ነው።”

“ዳቦ ላይ እንደሚወጣው?”

“የእሱ ዘመድ ነው። አፈር ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠል ላይ፣ እንቁራሪት ሆድ ውስጥ ይኖራል። እንዴት እንደገባባት አላውቅም፤ በጭረት ይሆናል፣ በቅጠሉ ይሆናል። ምንም ያልጎደላትን ልጅ ይይዛል።”

በሻጋታ ምክንያት እግር ልንቆርጥ ነበር። ሻጋታውን በክብር ሸፍኜ ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ መደርደሪያችን ላይ ነበር። ወለጋ እንቅርት የበዛበት አገር ስለሆነ ለእሱ የምናስቀምጠው የአዮዳይድ ጠብታ ነው፤ ዶክተሩ መጠኑን እያሰላ ከወተት ጋር ሰጣት። አያንቱ “ሚስማር ሚስማር ይላል” እያለች ስትተፋብኝ ሰነበተች፤ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ምራቋ ይዝረበረባል። በሦስተኛው ሳምንት ጣቴን ስጫን ሥጋው ገባልኝ። እንደ ሰው ሥጋ ገባ! አናጢውን ጠርቼ አስነካሁት። መድኃኒቱን ወራት ወሰደች፤ እብጠቱ ጠፍቶም ዶክተሩ አላስቆማትም። ክራንቹን ግን አልመልስም ብላ ቀይ አስቀብታ ከብት መንጃ አደረገችው።

ሽማግሌዎች እኔን ለፍርድ አስቀመጡኝ፤ አማት ፊት ያንን ቃል፣ ያውም በጸሎት መካከል። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በግ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ሩት ነገሩን ስትሰማ “እውነት አልከው? በዚህ አፍህ?” ብላ ሳቋ አላቆም ብሏት መሬት ተቀመጠች። በዓመቱ ተጋባን። አዴ ዱሬቲ እስክትሞት ድረስ ደንቡን አክብራ ፊቴን አላየችም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን “ያ ባለጌ አማቼ” እያለች ታሪኩን ራሷ ነበር የምታወራው። አያንቱ ዛሬ የልጅ ልጅ አላት፤ ከእኔ ፈጥና ትራመዳለች።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ተርጉመን፣ ተሞግሰን፣ ድነን፣ አግብተን። ግን ለእናንተ ለአንባቢዎቼ እውነቱን ልነግራችሁ ነው የጀመርኩት።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ በነበረው ሰኞ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስንቱን አሳምሬ ተረጎምኩ? ያኔ የተኙትን ሕሙማን አልጋ በአልጋ ዞሬ እንደገና ጠየቅኋቸው፤ በዚህ ጊዜ በስሙ እየጠራሁ። የሁለት ሰዎች መልስ ተለወጠ፤ ዶክተሩም መድኃኒታቸውን ለወጠ። ቃሏን ያሳመርኩባት አንዲት ሌላ ሴት ግን ከተኙት መካከል አልነበረችም። ቢላ ከምትባል መንደር የመጣች በእድሜ የገፋች ሴት ነበረች። ከወር በፊት ስትመጣ እየተሽኮረመመች፣ ከማሕፀኗ ደም እንደሚፈሳት በሹክሹክታ ነግራኝ ነበር። እናቴን ስለምታክል አፈርኩላት። ለዶክተሩ “ሆዷን ያማታል” አልኩት። የሆድ ክኒን ተሰጥቷት አመስግናን ሄደች፤ ጉልበቴን ልትስም ነበር፣ እኔ ከለከልኳት።

ወደ ቢላ በሚሄድ ነጋዴ “ተመልሳ ትምጣ” ብዬ ላክሁባት። ነጋዴው በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መቀበሯን ነገረኝ። ዶክተሩ “ቶሎ ብናውቅም ላናድናት እንችል ነበር” ብሎ አጽናናኝ። ይሆናል፤ አላውቅም።

ስለዚህ እናንተ በሁለት ሰው መካከል ቆማችሁ የአንዱን ቃል ለሌላው የምታደርሱ ሁሉ፣ ነርስም ሁኑ አስታራቂ፣ የታመመ ልጅ ይዛችሁ ሐኪም ፊት የቆማችሁ እናቶችም፣ እንደሰማችሁ አድርሱ፤ እንዳያችሁ ተናገሩ። ማፈር ካለባችሁ፣ በኋላ ቤታችሁ ገብታችሁ እፈሩ።

አያንቱ እግሯ የተረፈው እናቷን ስላዋረድኩ ነው። ያችን የቢላ ሴት ግን አክብሬያት ነበር።